ቢለቅ ማን ያውቃል?

የአባዬ ቶርኖ በዕድሜ ይበልጠኛል። እኔ ሳልወለድ ነው የተገዛው፤ ሲገዛም አዲስ አልነበረም። ቀለሙ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል። በማሽኑ ራስ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ናቸው። ውፍረታቸው ከእርሳስ ብዙም አይበልጥም። ፓምፑ ከታች ካለው ማጠራቀሚያ የሚገፋውን ዘይት እየተከፋፈሉ ወደ ማርሾቹና ወደ ኩሽኔታዎቹ ያደርሳሉ። ከእነዚህ ቱቦዎች አንዱ ተሰነጠቀ። እኔ አያያዝኩት። ያያዝኩበት ቦታ ለቀቀ፤ በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ሥራውን ትቶ ሄደ። የምጽፈው ስለዚያ መገጣጠሚያ ነው።

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ግን ሶፍትዌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ጋ ስሄድ እጄን ዘይት ማስነካት ደስ ይለኛል። ሳምንቱን ሙሉ በእጅ የማይዳሰስ ነገር ሲሠራ ለሚውል ሰው ብረት ዕረፍት ነው። ዕረፍት መሆኑ ግን አንድ አደጋ አለው፦ የሌላው ሰው እንጀራ መሆኑን ያስረሳል።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ አንድ ቅዳሜ ስደርስ ቶርኖው ቆሟል፤ የራሱ ክዳን ተነስቷል። ወደ ፊተኛው ኩሽኔታ የሚሄደው ቱቦ መታጠፊያው ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰንጥቋል። መዳብ እንዲህ ነው፤ ለዓመታት ሲንቀጠቀጥ ይደድርና አንድ ቀን ይሰነጠቃል። አባዬ የተሰነጠቀውን ቆርጦ አውጥቶ ሰኞ በያጁ እስኪመጣ ሊጠብቅ ነበር። ደንበኛው ግን ዘንጉን ለማክሰኞ ነው የሚፈልገው። «እኔ አደርገዋለሁ» አልኩ።

ሁለቱን ጫፎች አጋጥሜ በላያቸው ሰፋ ያለ ቁራጭ ቱቦ አለበስኩና ሁለቱ ተደባልቀው በሚደርቁበት ኢፖክሲ አጣበቅኩት። ሒሳቡንም የካርቶን ጀርባ ላይ ሠርቼ ለአባዬ አሳየሁት። የቱቦው የውስጥ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር፣ የዘይቱ ግፊት ቢበዛ 2 ባር። ሁለቱን አባዛሁት፤ መገጣጠሚያውን ለማላቀቅ የሚገፋው ኃይል 6 ኒውተን እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር በፌስታል ሲንጠለጠል ከሚጎትተው በትንሹ ቢበልጥ ነው። ኢፖክሲው ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሸከማል። አባዬ ካርቶኑን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «ይሁን» አለ። ክዳኑን ዘጋን።

ሒሳቡ ልክ ነበር። እስካሁንም ልክ ነው።

*

ሰባት ወር ያህል ያዘ። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፊተኛው ኩሽኔታ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ማሽኑ ላይ የነበረው አባዬ ጋ አምስት ዓመት የሠራ ባለሙያ ነው፤ የአንድ ልጅ አባት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሲጠየቅ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ መስታወቱ ላይ ዘይት እየወረደ ነበር።»

በቶርኖው ራስ ፊት ለፊት የሳንቲም ስፋት ያላት ክብ መስታወት አለች። ፓምፑ ሲሠራ ከበስተጀርባዋ ዘይት ሲወርድ ይታያል። በዚያ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ገና ሲጀምር የሚነገረው እሷን እንዲያይ ነው፤ ዘይት ከወረደ ሥራ፣ ካልወረደ አጥፋ።

አባዬ አላመነውም። በእሱ ስሌት ዘይት እየወረደ ኩሽኔታ አይቃጠልም። እንግዲህ ወይ ሰውየው መስታወቱን አላየም፣ ወይ ከተቃጠለ በኋላ ነው ዘይት የጨመረው፣ ወይ ማሽኑን ከአቅሙ በላይ ጭኖታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ግን ያኔ ላሟ የት እንደዋለች የሚያውቅ አልነበረም። የኩሽኔታው ዋጋ ከደመወዙ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ሰውየው ሁለት ቀን ተከራከረ። በሦስተኛው ቀን ቱታውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሄደ። እናቴ ደውላ ስትነግረኝ «ያሳዝናል» አልኩ። ከዚያ አልፌ አላሰብኩበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ኩሽኔታ ተገኘና ቅዳሜ ዕለት የማሽኑን ራስ ከፈትን። አባዬ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ የእኔ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ያለበስኩት ቁራጭ ከአንደኛው ጫፍ ወጥቷል፤ ኢፖክሲው ከመዳቡ ላይ እንደ ደረቀ ልጣጭ ተላቋል። ምክንያቱን ለመገመት ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ዓመታት ሙሉ ዘይት የጠጣ መዳብ በጨርቅ ስለተጠረገ ብቻ ንጹህ አይሆንም። በዚያ ላይ በክፍል ሙቀት ከሚደርቁት ኢፖክሲዎች ብዙዎቹ 50 እና 60 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራሉ፤ ጠዋት ተነስቶ እስከ ማታ የሚሠራ የቶርኖ ራስ ደግሞ እዚያ ሙቀት ላይ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ግፊቱን እንጂ ሙቀቱን አላሰላሁም።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። ዘይቱ ወደ ኩሽኔታው መሄዱን ትቶ እዚያው ውስጥ እየፈሰሰ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለስ ነበር። መሬት ላይ ጠብ ያለ የለም። የዘይቱ መጠን አልቀነሰም። ወደ መስታወቷ የሚሄደው መስመር ደግሞ የሚገነጠለው ከእኔ መገጣጠሚያ በፊት ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው በጥማት ሲቃጠል እንኳ መስታወቷ ላይ ዘይት ይወርድ ነበር። ሰውየው የተናገረው ያየውን ነው።

ቁራጯን በጨርቅ ጠርጌ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት። አባዬ ሲመለስ «ይሄንን ቱቦ ነቅዬዋለሁ፤ አርጅቷል፣ አብረን እንሥራው» አልኩት።

*

ክርክራችን የተጀመረው እንግዲህ እኔ ማስረጃውን ኪሴ ይዤ ነው። በሽማግሌው በያጅ ፊት ሦስታችን ቱቦውን ይዘን ቆምን። እኔ ስለ መቅለጫ ሙቀት አወራሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በቴክኒክ የበረታሁበት ጊዜ አላስታውስም፤ የሚያፍር ሰው ቁጥር ያበዛል።

አንደኛው መንገድ ሊድ ነበር። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ምጥጥኑ ሲስተካከል በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ትንሽ እሳት ይበቃዋል፣ መዳቡን አይጎዳም፣ ነገ ሌላ ሰው ሊፈታው ቢፈልግ አሙቆ ስቦ ያወጣዋል። ግን ሊድ ሲነኩት ጠንካራ ቢመስልም ሁልጊዜ ወደ መቅለጫው የቀረበ ብረት ነው። ሙቀትን ከፍጹም ዜሮ ጀምረን ብንቆጥር ተራ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ከመቅለጫው 64 በመቶ ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ ጭነት ሲቆይበት ቀስ ብሎ ይሳባል፣ መንቀጥቀጥ ሲበዛበት ይደክማል።

ሁለተኛው በብር መበየድ ነው። የበያጁ ምርጫ ይሄ ነበር፤ የፍሪጅ ሠራተኞችም የሚያምኑት እሱን ነው። የብሩ ቅልቅል የሚቀልጠው እንደ ዓይነቱ ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ክፍተት ከተገኘ ራሱ ተስቦ ይገባል፤ በደንብ ሲሠራ መገጣጠሚያው ከቱቦው ይበረታል። ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ያን ያህል የጋለ መዳብ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ስብራት መገጣጠሚያው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ይመጣል። የሚከፍለው ጎረቤቱ ነው። ቱቦው ዘይት የጠጣ ከሆነ ደግሞ ከማሽኑ ወጥቶ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ ብሩ አይዝም፣ ዘይቱም ይቀጣጠላል። ከድሮዎቹ የብር ዘንጎች አንዳንዶቹ ካድሚየም አለባቸው፤ ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ፣ ሰው የሚገድል መርዝ ነው። ያንን ጭስ የሚተነፍሰው በያጁ እንጂ የማሽኑ ባለቤት አይደለም።

ሦስተኛው ያለ እሳት በዳዶ ማሰር ነው። ወይ ቱቦው ላይ የነሐስ ቀለበት አስገብቶ ዳዶው ሲጠብቅ ቀለበቱ ቱቦውን እንዲነክስ ማድረግ፣ ወይ የቱቦውን አፍ እንደ ጡሩምባ ከፍቶ ዳዶው እንዲጫነው ማድረግ። እኔ የተከራከርኩለት ለዚህ ነበር። በሥራዬ ትልቁ ጸሎት «ወደ ነበረበት መመለስ ይቻል» የሚለው ነው፤ ያደረግኸውን የሚያስቀር መንገድ ሳታዘጋጅ ምንም ነገር አትቀይርም። ቁልፍ ይዞ የመጣ ሁሉ የሚፈታው መገጣጠሚያ ለእኔ ሥነ ምግባር ያለው መገጣጠሚያ ነው። አባዬ ግን ሳቀ። «ዳዶ ያለበት ነገር ሁሉ ይላላል» አለ። «አንተ ትፈታዋለህ ብለህ ትሄዳለህ፤ በየወሩ የሚያጠብቀው ግን ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ነው።»

አራተኛውን ማንም በስሙ አልጠራውም፤ ሁላችንም ግን ከተማው ውስጥ ባሉ ማሽኖች ላይ አይተነዋል፦ የጎማ ቱቦ አልብሶ በብረት ቀለበት ማነቅ፣ «ለጊዜው»። ዘይት የማይችል ጎማ ያብጣል ወይ ይደርቃል። ለጊዜው የሚባለው ነገር ደግሞ ከሠራው ሰው በላይ ይቆያል።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ አባዬ ቱቦውን አገላብጦ አየና በያጁን ጠየቀው፣ እኔን አይደለም። «እሺ፣ ሁሉም ይይዛል እንበል። ግን እዚህ ውስጥ ሆኖ ቢለቅ ማን ያውቃል?»

በያጁ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

*

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ራሴን ላስተዛዝን የሞከርኩባቸውን ምክንያቶች ሁሉ አልዘረዝርም፤ አንዱን ብቻ ልናገር፣ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። «አላወቅኩም ነበር» የሚለው ነው። መልቀቁን አላወቅኩም። አባዬ ሰውየውን ሲወቅስ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ክፋት አላሰብኩም።

አርስቶትል ስለ ፈቃድና ስለ አለማወቅ ሲጽፍ በስካር ለተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበትን ሕግ ይጠቅሳል። ሰውየው ሲያጠፋ አላወቀም ይሆናል፤ አለማወቁን ያመጣው ግን እሱ ነው፤ አለመስከር ይችል ነበር። ይህን ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ነው፤ የገባኝ ግን በዚያ ሳምንት ነው። እኔ የሠራሁት መገጣጠሚያ ደካማ ብቻ አልነበረም። ሲለቅ እንዳይታወቅ ሆኖ የተሠራ ነበር። የማይታይ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከመስታወቷ በኋላ አደረግኩት፣ ማድረጌን የትም አልጻፍኩም። አለማወቄ እንደ ዝናብ ከላይ የወረደብኝ አይደለም፤ በገዛ እጄ ገጣጥሜዋለሁ።

በሶፍትዌር ሥራ አንድ ፕሮግራም ከሌላው እየተቀባበለ ሲጻፍ እያንዳንዷን መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፋት የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ጊት ብሌም ይባላል፤ ቃሉ በቀጥታ ውቀሳ ማለት ነው። ስንሠራ እንቀልድበታለን፤ አንድ የማይረባ መስመር አግኝተህ ማን ይሆን ይሄ ደደብ ብለህ ስትጠይቅ የራስህ ስም ይወጣል። ቀልዱ የሚያስቀው ስሙ ስለሚወጣ ነው። ብረት ላይ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም። ብረት ሲሰበር ወቀሳው የሚያርፈው በአቅራቢያው በቆመው ሰው ላይ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ማሽኑ ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? አህያዋ የማትታይ ስትሆን ደግሞ ፍርሃት እንኳ አያስፈልግም።

ከዚህ ተነስቼ የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው፦ መገጣጠሚያ የሚመርጥ ሰው ሲበላሽ ማን እንደሚወቀስም አብሮ ይመርጣል። የምህንድስና መጻሕፍት ስለ ጉልበት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ተገቢ ነው። በእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኙ ሁለት መገጣጠሚያዎች ግን በሥነ ምግባር ሊራራቁ ይችላሉ። አንደኛው ሲያልቅበት ያንጠባጥባል፤ ባለቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ መንገደኛውም ያየዋል። ሌላው ሲያልቅበት ዝም ይላል፤ ዝምታውን የሚከፍልለት ሌላ ሰው ነው።

በትልቁ ስናየው ይህ ነገር ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዝ ውስጥ ፍሊክስቦሮ በተባለ ቦታ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ስድስት ተከታታይ ሪአክተሮች ነበሩት። አምስተኛው ተሰነጠቀና ተነሳ፤ ሥራው እንዳይቆም አራተኛውንና ስድስተኛውን የሚያገናኝ ማለፊያ ቱቦ ተሠራ። የሪአክተሮቹ አፍ 28 ኢንች ነበር፣ የተገኘው ቱቦ 20 ኢንች። ቁመታቸውም እኩል ስላልነበረ ቱቦው ተሰብሮ ወረደ፤ በሁለቱ ጫፎች እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፉ ማያያዣዎች ገቡ። የቱቦው ንድፍ የተሣለው ወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ነው። ግፊቱ የታጠፈውን ቱቦ ወዴት እንደሚገፋው ያሰላ አልነበረም። ሁለት ወር ያህል ያዘ። ቅዳሜ፣ ሰኔ 1 ቀን ለቀቀና 28 ሰው ሞተ፤ 18ቱ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ሥራቸው ላይ ነበሩ። የእኔን ስድስት ሚሊ ሜትር ቱቦ ከዚህ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን ጠመኔውን ሳነብ ካርቶኔ ትዝ አለኝ። ሁለቱም ቦታ ሥራው እንዳይቆም ተቸኩሏል፤ ሁለቱም ቦታ ጥገና ንድፍ መሆኑ ተረስቷል።

የተሻለውን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ ሲቆም ክፍሎቹ የተያያዙት በብረት ዘንግ ነው። ለ68 ዓመታት ያህል እዚያ ኖረ፤ ግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። ሲቆም ክፍሎቹን ያያያዙት ስምንት ዘንጎች ብረት አይደሉም፤ ጥይት የማይበሳው ልብስ ከሚሠራበት ከአራሚድ ፋይበር የተሠሩ ናቸው። አይዝጉም፣ መብረቅ አይጠሩም፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይችላሉ። ይህን ስሰማ ያስደነቀኝ ቁሳቁሱ አልነበረም። የመረጡት ሰዎች የጠየቁት ጥያቄ ነው፤ ከእኛ በኋላ በዚህ ድንጋይ ላይ ምን ይደርሳል፣ ያኔስ የእኛ ሥራ ያግዘዋል ወይስ ይጎዳዋል?

*

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ አባዬ ቤት ሄጄ ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ ኪሴ ውስጥ መክተቴንም ጭምር። አልጮኸም። ቁራጯን አንስቶ በመብራቱ ፊት ለረጅም ጊዜ አገላበጣት። ከዚያ «የልጁ ስልክ አለህ?» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ብዙ ቆይቶ፣ ልወጣ ስል፣ «እኔም እኮ መስታወቱ ከየት እንደሚመጣ አላየሁም» አለ። እሱ ለራሱ ያለው ነው፤ እኔን ቀለል አላደረገኝም።

ቱቦውን በመጨረሻ እንዲህ ሠራነው። የተሰነጠቀውን መስመር ሙሉ በሙሉ ተውነው። በምትኩ ወጥ የሆነ፣ መሀሉ ላይ መገጣጠሚያ የሌለው አዲስ የመዳብ ቱቦ ከማሽኑ ራስ ውጪ፣ በጎኑ በኩል አሳለፍን። ሁለቱንም ጫፍ በእሳት አለስልሰን፣ አፋቸውን ከፍተን፣ በዳዶ አሰርን፤ ሁለቱም ዳዶዎች በዓይን የሚታዩ ናቸው። መጨረሻው ላይ፣ ኩሽኔታው ደጃፍ፣ ሁለተኛ መስታወት ገባች፤ ዘይቱ ከሁሉም መገጣጠሚያ በኋላ የሚታየው እዚያ ነው። ዳዶዎቹ ጠብቀው ካበቁ በኋላ ከዳዶው እስከ አካሉ ቀይ ቀለም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ቀባን። ዳዶው ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው ጎንበስ ሳይል ያየዋል። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ ምን እንደተሠራ፣ ቀኑንና የእኔን ስም በቀለም ጻፍኩ።

ይህ መፍትሔ ከተቃውሞ ነፃ አይደለም፤ ጥቂቶቹን እኔው ላንሳቸው። ቱቦውን በውጪ ለማሳለፍ የድሮው የብረት አካል ላይ ቀዳዳ በስተናል። ለዚያ ማሽን ክብር ያለው ሰው ይከፋዋል፤ እኔም ከፍቶኛል። «ወደ ነበረበት መመለስ» የሚለውን የራሴን ሕግ ጥሻለሁ፤ ብረት ተበስቶ አይመለስም። ዋጋውም ከሊዱ በብዙ ይበልጣል። አባዬ ስለ ዳዶ የተናገረውም አልተሻረም፤ ይላላል፣ የሚያጠብቀውም ሠራተኛው ነው። ቀዩ መስመር ሸክሙን አያነሳለትም፤ ሸክሙ መቼ እንደመጣ ይነግረዋል እንጂ። ውጪ ያለ ቱቦ ደግሞ በቁልፍ ሊመታ፣ በብረት ሊገጭ ይችላል።

ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ከእንግዲህ የምቀይረው አይመስለኝም። መጀመሪያ ይታይ፣ ቀጥሎ ይፈታ፣ ከዚያ ይጠንክር። ጥንካሬ ሦስተኛ ይምጣ ማለት ደካማ ይሁን ማለት አይደለም፤ ለሥራው የሚበቃው ጥንካሬ ከሌለ መነጋገርም አያስፈልግም። ግን ከሚበቃው በላይ ያለው ጥንካሬ ለሠሪው ኩራት ነው የሚያገለግለው። መታየቱ የሚያገለግለው ሠሪው ቤቱ ከሄደ በኋላ እዚያ የሚቆመውን ሰው ነው። የብር ብየዳን አልጠላሁም። ግፊቱ ከፍ ያለ ቢሆን፣ ቦታው ክፍት ቢሆን፣ ከበያጁ ጋር ነበር የምስማማው። እምቢ የምለው «ይህ አይለቅም» የሚለውን ቃል ነው፤ ይህን የሚል ሰው ሲለቅ ምን እንደሚሆን ማሰቡን አቁሟል።

ሰውየውን የደወልኩለት እኔ ነኝ፤ አባዬ ልደውል ሲል እኔ ልደውል አልኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። በመካከል አላቋረጠኝም። የቀረውን ደመወዙንና አባዬ የጨመረለትን በቴሌብር ላክንለት፤ እንዲመለስም ጠየቅነው። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ደመወዙ ትንሽ ያንሳል፣ መንገዱ ይርቃል፣ ግን አልተመለሰም። ይቅርታ ስጠይቀው «ችግር የለም» አለ፤ እኛ አገር ችግር ሲኖር የሚባለው ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እኔ እኮ ነግሬያችሁ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ዘይት ይወርድ ነበር።»

«አዎ፣ ነግረኸናል» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።